የ10 ሚሊ ጭቅጭቅ፦ አንድ የኤክሰንትሪክ ሻፍት ጥያቄና 31 መልሶቹ

ነሐሴ ላይ ነው። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ ወርክሾፕ ያለው ልጅ የቶርኖ (ብረት እያዞሩ የሚቆርጡበት ማሽን) ሰዎች በምንሰባሰብበት የኢንተርኔት ግሩፕ አንድ ጥያቄ ለጠፈ። የቡና ወንፊት ማሽን ሻፍት ተሰብሮ መጥቶለታል። ሻፍቱ 50 ሚሊ ውፍረትና 380 ሚሊ ርዝመት አለው። በሁለቱም ጫፍ 35 ሚሊ የሆነ ፒን አለ፤ ፒኖቹ ግን ከሻፍቱ መሃል ፈንገጥ ብለው የተሠሩ ኤክሰንትሪክ ናቸው። ፒኖቹ ላይ ኩሽኔታና ወንፊቱን የሚነቀንቁት ክንዶች ይገባሉ፣ መሃል ላይ ፑሌጃ። ኦፍሴቱ፣ ማለትም የፒኑ መሃል ከሻፍቱ መሃል የራቀበት ልክ፣ 10 ሚሊ ነው ብሎ ጽፏል። ያለው ማሽን ባለ ሁለት አክሲስ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ) ቶርኖ ነው፣ ብረቱን ጨብጦ የሚያዞረው ቻኩ ባለ ሦስት ጥርስ ሃይድሮሊክ። ከአንዱ ጥርስ ስር ቁራጭ ብረት አስገብቶ ቢሠራው ያዋጣው እንደሆነ ነው የጠየቀው። ባለቤቱ ደግሞ ቡናው መቅላት ሳይጀምር ይድረስልኝ እያለ ስልኩን አላስቀምጥ ብሎታል።

የጥያቄና መልሱ ክር ረዝሞ 31 መልስ ደረሰ። ከስር ሁሉንም ማንበብ ለሚሰለቸው ልተርክለት፤ ስድቡን ቀንሼዋለሁ።

መልስ 1 ቸር ነበር። ለዓመታት በዚሁ መንገድ ሲሠራ እንደኖረና ቀመሩም ቀላል እንደሆነ ነገረው። ኦፍሴቱን በ1.5 ማባዛት፣ የወጣውን ውፍረት ከአንዱ ጥርስ ስር ማስገባት። 10 በ1.5 ሲባዛ 15 ሚሊ። አለቀ። መልስ 2 አውራ ጣት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው “ግን” መልስ 3 ላይ መጣ። ጸሐፊው የሃይድሮሊክ ቻክ ጥርስ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ሚሊ ብቻ መሆኑን አስታወሰ። 15 ሚሊ ቁራጭ አንዱ ጋ ከገባ ሌሎቹ ሁለቱ ጥርሶች ሻፍቱን ጨርሶ ላይነኩት ይችላሉ። የግድ በዚህ መንገድ ይሠራ ከተባለ የአንዱን ጥርስ ብሎን ፈትቶ፣ ከሥሩ ያሉትን ቦዮች ቆጥሮ፣ ጥርሱን ራሱን ወደ ውጭ ማራቅ ይሻላል ባይ ነው። ስፒንድሉ (ቻኩን የሚያዞረው ዘንግ) እየዞረ ቁራጩ ቢያመልጥ ደግሞ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም።

መልስ 4 አጋሮ ሆነው የቡና ማሽን ከሚጠግኑ፣ ግሩፑ ሁሉ ጋሼ ከሚላቸው ሰው የመጣ ነው። ስለ ቻክ አንድ ቃል አልጻፉም። ይልቅ 10ን ከየት እንዳመጣው ልጁን ጠየቁት። ቀጥለውም ሒሳቡን አስቀመጡለት። ፒኑ 35 ከሆነ ግማሹ 17.5 ነው። ኦፍሴቱ 10 ቢሆን ሲደመር 27.5 ይመጣል። የሻፍቱ ግማሽ ግን 25 ነው። ስለዚህ ፒኑ በአንድ በኩል ከሻፍቱ ጀርባ 2.5 ሚሊ ወደ ውጭ ወጥቶ መታየት ነበረበት። የተሰበረው ላይ እንዲህ የሚታይ ነገር ከሌለ 10 ኦፍሴት ሊሆን አይችልም፣ ከ50 ሚሊ ብረትም እንዲህ ያለ ፒን አይወጣም።

ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይሄ ነው። ሌላው ሰው አያያዙን ሲያማርጥ እሳቸው ቁጥሩን ጠረጠሩ። የተሰበረውን ሻፍት በዓይናቸው ሳያዩ፣ አጋሮ ቁጭ ብለው።

መልስ 5 ላይ ልጁ ተመልሶ መጣ። ማስመሪያ በሻፍቱ ጀርባ ላይ አጋድሞ፣ ጫፉን ወደ ፒኑ አሳልፎ፣ ከማስመሪያው እስከ ፒኑ ያለውን ክፍተት በካሊፐር ለክቷል። ሰፊው በኩል 12.5 ሚሊ፣ ተቃራኒው በኩል 2.5 ሚሊ። ልዩነቱ 10 ነው። እሱ ያንን ልዩነት እንዳለ ወስዶ ኦፍሴት ብሎታል፤ ኦፍሴቱ ግን የልዩነቱ ግማሽ፣ 5 ሚሊ ነው። 10 ወንፊቱ የሚመላለስበት ስትሮክ ነው። ይሄ አለካክ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ ፒኑ ዙሪያውን እኩል ተበልቶ ቢሆን እንኳ ልዩነቱ አይለወጥም።

መልስ 6 በአጭሩ ዳያል ጌጅም (መርፌ ያለው መለኪያ) ላይ ነገሩ እንደዚያው መሆኑን ጨመረ። ሻፍቱ አንድ ዙር ሲዞር የዳያሉ መርፌ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው 10 ካነበበ ኦፍሴቱ 5 ነው። ይህን ሳያውቁ መርፌው 5 ላይ ሲደርስ የሚያጠብቁ አሉ፤ እነሱ 2.5 ሚሊ ኦፍሴት ያለው ሻፍት ይዘው ይወጣሉ።

መልስ 7 ሳቂታ ነበር፤ በ10 ቢሠራው ኖሮ ማሽኑ ቡናውን ራሱ ወደ ገበያ ይወረውረው እንደነበር ጻፈ። ጋሼ ግን መልስ 8 ላይ ቀልዱን ቁም ነገር አደረጉት። ወንፊቱ በደቂቃ 300 ጊዜ ቢመላለስ በ5 ሚሊ ኦፍሴት የሚያገኘው ፍጥንጥነት ከመሬት ስበት ግማሽ ገደማ ነው። በ10 ሚሊ እጥፍ ይሆናል፤ ፍሬው በወንፊቱ ላይ መንሸራተቱን ትቶ ይዘላል፣ መለየትም ያቆማል። ፍሬሙ ደግሞ ብየዳው ላይ መሰንጠቅ ይጀምራል። ለምሳሌ ወንፊት 14 የሚባለው ቀዳዳው ከኢንች 64 ክፋይ 14ቱ፣ ወደ 5.6 ሚሊ ነው። ዘልሎ የሚያልፈው ፍሬ ቀዳዳውን የማየት ዕድል አያገኝም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መራራ ሆነ። መልስ 9 የመልስ 1ን ሒሳብ አስተካክሎ 5 በ1.5፣ ቁራጩ 7.5 ሚሊ መሆን አለበት አለ። መልስ 10 የቴክኒክ መምህር ናቸው፤ ትሕትና ባለው ቋንቋ 7.5 ትክክል እንዳልሆነ አስረዱ። ትክክለኛው መንገድ ከ1.5 እጥፉ ላይ የሻፍቱን ግማሽ ቀንሶ፣ የዲያሜትሩ ስኩዌር ከኦፍሴቱ ስኩዌር ሦስት እጥፍ ተቀንሶበት የሚወጣውን ስኩዌር ሩት ግማሽ መጨመር ነው። ለ50 ሚሊ ሻፍት 7.12 ይመጣል። መልስ 11 ትሕትናውን በትሕትና አልመለሰም። በወረቀት ቺፕ (የብረት ፍቅፋቂ) እንደማይወጣ፣ እሱ በ7.5 ሲሠራ አንድም ደንበኛ መልሶበት እንደማያውቅ፣ መምህሩም አንድ ቀን እጃቸውን ዘይት ቢያስነኩ ጥሩ እንደሆነ ጻፈ።

መልስ 12 ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የፕሮፋይሉ ፎቶ አንድ የጅማ በርጩማ ነው። ሁለቱም ትክክል እንደሆኑ አሳየ። ጥያቄው የቻኩ ጥርስ ፊት ነው። ጥርሱ ጠባብ ሆኖ ሻፍቱን በመሃል መስመሩ ብቻ ሲነካ 7.12 ነው። ፊቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ሻፍቱ በጎን በኩል እንደ ልቡ የሚነካው ከሆነ ደግሞ ልክ 7.5 ይመጣል። ጠባብ ጥርስ ላይ 7.5 ያስገባ ሰው ኦፍሴቱ 5.28 ይሆንበታል። የሚሠራበት ቻክ ብዙ ጊዜ በሁለቱ መሃል ስለሆነ ቁጥሩ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ዳያል ሳይቀመጥ ማንም ስፒንድል አያስነሳ።

መምህሩ አመሰገኑት። መልስ 11ን የጻፈው ሰው ግን መልስ 13 ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፤ አድሚኑ ሰረዘው። አንብቤዋለሁ፣ መሰረዙ ተገቢ ነው። መልስ 14 የአድሚኑ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ስለ ሰው ዘይትና ወረቀት የሚጽፍ ይወጣል።

መልስ 15 ሌላ አንጋፋ አመጣ። ሲኤንሲ የሚባለው ነገር ለዚህ ሥራ ምን እንደሚፈይድ አልገባቸውም። ባለ አራት ጥርስ ቻክ ያለው የእጅ ቶርኖ ካለ እያንዳንዱን ጥርስ ለየብቻ እያላሉና እያጠበቁ ዳያሉን 10 ማስነበብ፣ ከዚያ መቁረጥ ነው። ቁራጭ የለ፣ ቀመር የለ። ከዚያ አልፈው ግን የዛሬ ልጆች ቁልፍ መጫን እንጂ ብረት ማዳመጥ እንደማይችሉ ጨመሩበት፤ ይሄኛው አላስፈለገም ነበር። መልስ 16 ላይ ልጁ ተቆጣ። ባለቤቱ አንድ ዓይነት ማሽን አራት አለው፣ ሌሎቹም ሻፍታቸው ተራውን እየጠበቀ ነው። ስምንት ፒን አንድ ዓይነት አድርጎ ለማውጣት ነው ሲኤንሲ የፈለገው፣ ለጌጥ አይደለም።

ሁለቱን ያስታረቀው መልስ 17 ነው። ውጪው 75 ሚሊ የሆነ ወፍራም ስሊቭ (ሻፍቱ የሚገባበት ቱቦ) ተሠርቶ፣ በአንጋፋው ባለ አራት ጥርስ ቻክ ላይ ተይዞ፣ 50 ሚሊ ቀዳዳው 5 ሚሊ ወደ ጎን ይቦረቦራል። ስስ ጎኑ 7.5 ሚሊ፣ ወፍራም ጎኑ 17.5 ሚሊ ይሆናል። ከዚያ በአንድ በኩል በመጋዝ ይሰነጠቃል፤ ቻኩ ሲያጠብቀው ሻፍቱን እንዲጨብጥ። ሻፍቱን ከነስሊቩ የሲኤንሲው ለስላሳ ጥርሶች ይይዙታል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ አንድ ጊዜ በእጅ ቶርኖ ያልቃል፣ ስምንቱን ፒን ሲኤንሲው ይቆርጣል። አንጋፋው አልመለሱም፤ ልብ ምልክት ግን አስቀምጠዋል።

መልስ 18 ማንም ያላሰበውን አነሳ፤ ስፒንድሉ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ስንት ነው? ልጁ 52 ሚሊ ነው አለ። 50 ሚሊ ሻፍት 5 ሚሊ ተፈናቅሎ ሲዞር 60 ሚሊ ቦታ ይጠርጋል፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ አይገባም። ውጭ ተንጠልጥሎ ሌላው ጫፉ በቴልስቶክ፣ ማለትም ከቻኩ ፊት ለፊት ባለው ደጋፊ፣ መያዝ አለበት። ስቴዲ ሬስትም (ሻፍትን መሃሉ ላይ የሚደግፍ ዕቃ) አይረዳም፣ ምክንያቱም ሻፍቱ ራሱ እየተወዛወዘ ነው የሚዞረው። ለቴልስቶኩ ደግሞ ጫፉ ላይ 5 ሚሊ ፈንገጥ ያለ የሴንተር ቀዳዳ (የቴልስቶኩ ሹል የሚገባበት) ያስፈልጋል። በተለመደው 3.15 ሴንተር ድሪል ከተበሳ አፉ 6.7 ሚሊ ስለሚሰፋ መሃል ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር ይገናኝና ሁለቱም ይበላሻሉ። ወይ በ2 ሚሊው መብሳት ነው፣ የእሱ አፍ 4.25 ብቻ ነው። ወይ ደግሞ ብረቱን መጀመሪያ ረዘም አድርጎ ቆርጦ፣ 50ውን ቀድሞ አቃንቶ፣ የመሃሉን ቀዳዳ ከነጫፉ ቆርጦ መጣል። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ 2 ሚሊ ሴንተር ስድስት ኪሎ የሚወዛወዝ ብረት ሲደግፍ ማየት አልወድም።

መልስ 19 ስለ ዙር ነው፣ ጸሐፊውም ሒሳብ የሚወድ ነው። ይህ ሻፍት 6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 5 ሚሊ ተፈናቅሎ በ400 ዙር ሲሽከረከር ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል የ5 ኪሎ ያህል ነው። 1200 ዙር ላይ ዙሩ ሦስት እጥፍ ስለሆነ ኃይሉ ዘጠኝ እጥፍ፣ ወደ 47 ኪሎ ይሆናል። አደጋው ፕሮግራሙ ላይ ነው። ብዙ ሰው ልማድ ሆኖበት ጂ96 ይጽፋል፤ የመቁረጫ ፍጥነቱን ቋሚ አድርጎ ዙሩን ለማሽኑ የሚተው ትእዛዝ ነው። በደቂቃ 150 ሜትር የተባለ እንደሆነ 35 ሚሊ ላይ ማሽኑ ራሱ ወደ 1360 ዙር ይወጣል፤ ፊቱን እየቆረጠ ወደ መሃል ሲሄድ ደግሞ ጂ50 ላይ የተጻፈ ገደብ ካላቆመው እየጨመረ ይሄዳል። ለዚህ ሥራ ዙሩን ቋሚ የሚያደርገው ጂ97፣ 400 ዙር፣ ሌላ ወሬ የለም። ችግሩ 400 ዙር 35 ሚሊ ላይ በደቂቃ 44 ሜትር ብቻ መሆኑ ነው፤ ካርባይድ ኢንሰርት (የሚቆርጠው ጠንካራ ጫፍ) ይህን ቀርፋፋ ፍጥነት አይወድም፣ ብረቱ ጫፉ ላይ እየተለጠፈ ፊቱን ያሻክረዋል። ስለዚህ 0.3 ሚሊ ተርፎ ሬክቲፊካ ቤት፣ በድንጋይ ወደሚሞርዱት፣ እንዲላክ መከረ። የክራንክ ሻፍት መሞረጃው ሲፈጠርም ሥራውን አፈናቅሎ ለመያዝ የተሠራ ነው። ኩሽኔታው ቁጥር 6207 ከሆነ ፒኑ በኬ6 በሚባለው የመግጠሚያ ልክ፣ ከ35.002 እስከ 35.018 ድረስ ሆኖ ይውጣ።

መልስ 20 ታሪክ ነው፣ የሚያሳዝን። ጸሐፊው ሌላ ከተማ ተቀጥሮ ሲሠራ አብሮት የነበረ ልጅ ፕሮግራሙ ላይ ጥሬው ብረት 50 ነው ብሎ ጻፈ። መሣሪያው ኤክስ 52 (52 ሚሊ ዲያሜትር) ላይ ቆመ፣ የመጀመሪያው ቆረጣ ኤክስ 48 ላይ ገባ። ሻፍቱ ግን ተፈናቅሎ ስለሚዞር ከፍተኛ ጎኑ 60 ላይ ነው። በአንድ በኩል 6 ሚሊ ጥልቀት፣ በሌላው በኩል አየር። ኢንሰርቱ ተበተነ፣ ሻፍቱ ከቻኩ ተነቅሎ የማሽኑን በር መታው። ማንም አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ እሱ ኤክሰንትሪክ ሲያይ ዲያሜትሩ ላይ የኦፍሴቱን እጥፍ ደምሮ ከኤክስ 62 ነው የሚጀምረው፣ በትንንሽ ጥልቀት፣ ምቱን በሚችል ጠንካራ ግሬድ ኢንሰርት።

መልስ 21 ከአዲስ አበባ ነበር። ሲ አክሲስ (ስፒንድሉን በዲግሪ ልክ የሚያዞር) እና የሚሽከረከር መሣሪያ ያለው ማሽን ካለ ሻፍቱን ማፈናቀል ጨርሶ እንደማያስፈልግ፣ በጂ12.1 ትእዛዝ ፒኑን በኤንድ ሚል (እየተሽከረከረ በሚቆርጥ መሣሪያ) ዙሪያውን መቁረጥ እንደሚቻል ጻፈ። ልክ ነው። መልስ 22 ግን አልማረውም፤ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ሂርማታ ቁጭ ብሎ ይህን ጥያቄ ይጠይቅ ነበር ወይ ብሎ መለሰለት። 23 እና 24 መብራት ሲጠፋ ማሽኑ መሃል ላይ ስለሚቆምበት ጣጣ ናቸው። 25 የዘንድሮ ቡና ዋጋ ነው። ከዚህ ሻፍት ጋር ግንኙነታቸው ሩቅ ነው።

መልስ 26 ወደ ነገሩ መለሰን። ሁለቱ ፒኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ማየት አለባቸው። ሻፍቱ ሲገለበጥ 3 ዲግሪ ብቻ ቢዞር አንዱ ፒን ከሌላው 0.26 ሚሊ ይዛነፋል፤ ወንፊቱ እየተጠመዘዘ ይሄዳል፣ ኩሽኔታውም ዕድሜው ያጥራል። ሻፍቱ ጀርባ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጭን መስመር ይጫር፣ ሁለቱም የሴንተር ቀዳዳዎች በዚያ መስመር ላይ ይበሱ፣ ስሊቩ ወፍራም ጎኑ ላይም ምልክት ተደርጎ ሁልጊዜ ከመስመሩ ጋር ይግጠም። ሲያልቅ ሻፍቱ ሁለት ቪ-ብሎክ (ቪ ቅርጽ ያለው ማስቀመጫ) ላይ ተቀምጦ ሁለት ዳያል ይደረግበትና ሁለቱ ፒኖች እኩል ጫፍ ላይ መድረሳቸው ይታይ።

መልስ 27 መምህሩ ናቸው። የተሰበረውን ቦታ ፎቶ ጠየቁ። ፎቶው ሲመጣ ስብራቱ ልክ ፒኑ ከሻፍቱ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ነው፤ ግማሹ ለስላሳና የጠቆረ፣ ቀሪው ሻካራና ብሩህ። ለስላሳው ቀስ እያለ ሲሰነጠቅ የከረመ ነው፣ ሻካራው የመጨረሻው ቀን። ማዕዘኑ ስለት ሆኖ ተቆርጧል። አዲሱ ላይ 0.8 ሚሊ አፍንጫ ባለው ኢንሰርት ክብ ማዕዘን ይተውበት፤ የ6207 ኩሽኔታ ማዕዘን ቢያንስ 1.1 ስለሆነ አይጋጭም። ሬክቲፊካ ቤቱም ድንጋዩን በዚያው ልክ ያክበው፣ አለበለዚያ ክቡን በልቶ ስለቱን ይመልሰዋል። እኔ ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድሜ ብጠይቅ እመርጥ ነበር፤ አሮጌውን ሻፍት አስመስሎ መሥራት አሮጌውን ስብራት አብሮ መሥራት ነው።

መልስ 28 ፒኑን ለብቻው ሠርቶ መበየድ እንደሚቻል ጻፈ። ሦስት ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተነሳበት፤ ስብራቱ ያለበት ቦታ ላይ ብየዳ መጨመር ምን ማለት እንደሆነ አስረዱት፣ አንዱ ጨዋ ነበር።

መልስ 29 የልጁ ነው። አሮጌ የመኪና አክስል ሊጠቀም አስቦ ነበር፤ ቆዳው በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ትቶት ሲ45 ብረት ገዛ። ስሊቩን አንጋፋው ራሳቸው ባለ አራት ጥርስ ቻካቸው ላይ ቦረቦሩለት፣ ዳያሉ 10.03 አነበበ። በ400 ዙር ቆርጦ 0.3 አስተርፎ ሬክቲፊካ ሰደደው። ቪ-ብሎክ ላይ ሁለቱ ፒኖች እኩል ይወጣሉ። ወንፊቱ ተገጥሞ ሠራ፤ ቪዲዮም ለጠፈ፣ ድምፁ ጥሩ ነው።

መልስ 30 ስንት እንዳስከፈለ የጠየቀ ነው። በኢንቦክስ ተመለሰለት።

መልስ 31 የጻፈው መልስ 1ን የጻፈው ሰውዬ ነው። እሱም 4 ሚሊ ኦፍሴት ያለው ሥራ ስላለበት ስሊቩን ያውሱት እንደሆነ ጠየቀ። የተቦረቦረው ለ5 ሚሊ ነው ሲባል አንድ ሚሊውን በሺም (በስስ ቁራጭ ብረት) እንደሚያስተካክለው አስረዳ። መምህሩ መጻፍ ጀምረው ነበር፤ አድሚኑ ቀደማቸውና ክሩን ዘጋው።